አሸዋ አለበት

በሉ ብርጭቋችሁን ያዙ፤ ግን ገና እንዳትጠጡ። ሥራ አስኪያጃችን አቶ አንዱዓለም ቅድም ጠጋ ብለው «እናናዬ፣ ሁለት ቃል ብቻ በይ» ብለውኛል። ትእዛዝ አክባሪ ነኝ፤ ሁለቱን ቃል አሁኑኑ ልናገራቸውና ልገላገል። «አሸዋ አለበት።»

ይኸው ሠራተኛው ሳቀ። ለጋሽ ሰጠኝ ሽኝት ከአምባ ጊዮርጊስ የመጣችሁት ዘመዶቻቸው ግን ግራ ገብቷችኋል። እንግዲህ ለእናንተ ስል ሦስተኛውንም አራተኛውንም ቃል መጨመር ግድ ሆነብኝ፤ አቶ አንዱዓለም ይቅር ይበሉኝ።

ሥራችን እንዲህ ነው። ከቆላው ድንጋይ የሆነ እንጨት ይመጣልናል። ድሮ ዛፍ ነበር፤ ሰው ሳይፈጠር ወድቆ፣ ተቀብሮ፣ ድንጋይ ሆኖ የተገኘ ነው። ቅርፊቱ አለ፣ የዕድሜው ቀለበት አለ፣ ጉጡ ሳይቀር አለ። ይህን ግንድ ትልቅ በርሜል ውስጥ ከውሃና ከሚፍቅ ዱቄት ጋር እናንከባልለዋለን፤ መጀመሪያ በሻካራው፣ ቀጥሎ በደቃቁ፣ መጨረሻ በላመው፣ እስኪያበራ ድረስ። ሳምንታት ይፈጃል። በርሜሉ ሲያጓራ ታዲያ ከመንገድ ለሚሰማው ሰው ወፍጮ ቤት ነው የሚመስለው።

ጋሽ ሰጠኝን ያመጣቸውም ይኸው ነው። አምባ ጊዮርጊስ ወፍጮ ቤት እህል ሲፈጩ ኖረው ወፍጮው ሲሸጥ ሥራ ፈቱ። አንድ ደግ ሰው «ደባርቅ ትልቅ ወፍጮ አለ፣ ሰው ይፈልጋሉ» አላቸው። የመጡ ዕለት በሩ ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ። ሽርጣቸውን ታጥቀው፣ ዱቄት ከቅንድባቸው ሳይለቅ ገቡ። ሰላምታችንን ሳንጨርስ እጃቸውን ሻካራው ዱቄት ከረጢት ውስጥ ከተቱና ቆንጠር አድርገው በሁለት ጣት አሹት። ጥቁር ነው፣ ጥቁር ጤፍ ይመስላል። ከዚያ ወደ አፋቸው ወሰዱት። አላመጡት እኮ! ጥርሳቸው ሲንቋቋ ይሰማኛል። ከዚያ ዞር ብለው፣ ባለቤቲቱ መስያቸው ነው መሰለኝ፣ በትልቅ አክብሮት «እመቤቴ፣ አይክፋዎትና ይህ ጤፍ አሸዋ አለበት» አሉኝ።

«አባቴ፣ ከአሸዋው በቀር ምንም የለበትም» አልኳቸው። ሳይተፉት ትንሽ አሰቡ። «እንደዚያ ከሆነስ ደህና ተፈጭቷል» አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ቃል የቤቱ ሕግ ሆነ። ለምን መሰላችሁ? ከሻካራው ወደ ደቃቁ ስናሸጋግር አንዲት የሻካራው ፍሬ ተደብቃ ከቀረች፣ የወር ልፋት ትጭረዋለች። ስለዚህ ማጠብ ነው። አጣቢዋ ደግሞ እኔ ነኝ። በርሜሉን አጥቤ፣ ግንዱን አጥቤ፣ እጄን አጥቤ እቆማለሁ። ጋሽ ሰጠኝ ይመጡና ጥፍሬን እንደ ትምህርት ቤት ያዩታል። «አሸዋ አለበት።» እንደገና አጥባለሁ። ጫማዬን ያያሉ። «አሸዋ አለበት።» አንድ ቀን ነጠላዬን አራግፈው ወደ ቤት ሰደውኛል። ዘበኛችን እንግዳው ሰኞ ቀርቶ ማክሰኞ ሲመጣ «ሆዴን አሞኝ ነው» አላቸው። ከላይ እስከ ታች አዩትና «አሸዋ አለበት» አሉ። እንግዳው የዚያን ቀን ሆዱን በእውነት አሞት እንደነበር እስከ ዛሬ ሲምል ይኖራል። በስብሰባ ላይም ሪፖርት ሲነበብ ከኋላ ወንበር ያቺ ቃል ትሰማ ነበር። እዚህ ላይ ማንን እንደሚመለከት አልናገርም፤ የሚመለከተው ሰው ብርጭቆውን እያየ ነው።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። በርሜሉ ከቆመ ውስጡ ያለው ጭቃ ወደ ታች ይዘቅጥና እንደ ሲሚንቶ ይይዛል። እኛ መብራት ጠፋ ብለን ደስ ብሎን ልንቀመጥ ስንል «ጭቃው ይተኛል!» ብለው ይጮኻሉ። ወንድ የለ ሴት የለ፣ የማዞሪያውን ብረት ይዘን በየተራ በእጃችን ማዞር ነው። አንዴ መካነ ብርሃን ለቅሶ ሄደው ሳለ መብራት ጠፋ። ስልክ የሚያገኙበት ኮረብታ ድረስ ወጥተው ደወሉልኝ። እንደምን ዋልሽ የለ፣ ሟቹ እንዲህ ነበሩ የለ። «ጭቃው እንዳይተኛ» ብለው ዘጉት።

መንገዱ ተዘግቶ ቱሪስት የሚባል በጠፋበት ጊዜ ግማሻችን ወደየቤታችን ሄድን። እሳቸው ግን በርሜሉን ሞልተው ያዞሩ ነበር። «ጋሼ፣ ማን ሊገዛው ነው?» ብላቸው «ድንጋዩ ገዢ እንደጠፋ በምን ያውቃል?» አሉኝ። ያኔ ሳቅሁባቸው። መንገዱ ሲከፈት ለሽያጭ የተዘጋጀ ዕቃ የነበረው እዚህ ቤት ብቻ ነበር፤ ያ ሽያጭ ነው ዛሬ ይህን አዳራሽ ያሠራው። ቅድም ስለ አዳራሹ ሲነገር የእሳቸው ስም አልተነሳም። ረስተውት ይሆናል።

አሁን የአውራ ጣታቸውን ነገር ልንገራችሁ። ድንጋይ ሁሉ ውሃ ሲነካው ያምራል። ቀለሙ ይወጣል፣ ያበራል፣ አለቀ ያሰኛል። ጋሽ ሰጠኝ አውራ ጣታቸውን ምራቅ አስነክተው ግንዱን አንድ ቦታ ያሹታል። የረጠበው ከደረቁ ከተለየ አላለቀም፤ ወደ በርሜሉ ይመለሳል። እርጥቡና ደረቁ አንድ ሲሆን ብቻ ይወጣል። ይህን ጣት ታዲያ የትም ይዘውት ይሄዳሉ። ሰርግ ቤት ሳህን ላይ፣ ባንክ ቤት መስኮት ላይ።

የእናቴ መቃብር ላይም። የእናቴን ሙት ዓመት ሳወጣ ከጎንደር እብነ በረድ አምጥቼ አስተክዬ ነበር። ቄሱ ጸሎት ሊጀምሩ መስቀል ሲያነሱ ያቺ ጣት ድንጋዩ ላይ ስታርፍ አየሁ። «አሸዋ አለበት» ብለው አንሾካሾኩ። በርሜል አጠገብ የኖረ ሰው ሹክሹክታ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ፤ ቄሱም ሰሙ፣ የእናቴ እኅቶችም ሰሙ። ውርደቴ ነበር። ከዚያ በኋላ አኮረፍኳቸው። አጥቤ አስረክባለሁ እንጂ ቃል አላወጣም።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ ወጥቼ ወደ መቃብሩ ዞር ብል ጋሽ ሰጠኝ ተንበርክከዋል። ባልዲ፣ ጨርቅ፣ የላመው ዱቄት። እንደዚያ ስንት እሑድ እንደመጡ አላውቅም፤ ድንጋዩ ግማሹ ድረስ መስታወት ሆኗል። ዞር ብለው ቆሜ ሲያዩኝ ደንገጥ አሉ። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፦

«እናናዬ፣ እናትሽ ዝናብ ሲመታቸው ብቻ ማማር የለባቸውም።»

የቀረውን ግማሽ አብረን ጨረስን። ጋሼ፣ እስከ ዛሬ አመሰግናለሁ ብዬዎት አላውቅም። ከእርስዎ ጋር እንዲህ ያለ ነገር አይባልማ፤ ወደ ሥራ ይሄዳሉ። ዛሬ ግን ወንበሩ ከግድግዳ ጋር ነው፣ ማምለጫ የለዎትም። አመሰግናለሁ። እናቴን አከበሩልኝ። እኔን ደግሞ ሥራ አስተማሩኝ፤ ከሥራም በላይ፣ ያላለቀውን ነገር አለቀ እንዳልል አስተማሩኝ።

እዚህ ላይ ብርጭቆ አንስቼ ብቀመጥ ደግ ነበር። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ የኔስ እያወቅሁት ነው የሚያመልጠው።

አቶ አንዱዓለም ቅድም «ጋሽ ሰጠኝ የማኅበራችን ምሰሶ ናቸው» ብለዋል። አጨብጭበናል። ታዲያ ቤቱ ሳይፈርስ ምሰሶ ይነቀላል እንዴ? ሁላችንም የምናውቀውን እንግዶቹም ይስሙት። በርሜሉ ውስጥ አሁን አንድ ትልቅ ግንድ አለ። ስድስት ሰው ተሸክሞ ያስገባው ነው፤ ሥሩ ጭምር ያለው፣ እንዲህ ያለ መጥቶልን አያውቅም። ለአዲሱ ሎጅ እንግዳ መቀበያ ታዟል። ለጥምቀት ይድረስ ተባለ። ጋሽ ሰጠኝ አይደርስም አሉ፤ ደቃቁም ገና፣ የላመውም ገና። ያን ጊዜ ቫርኒሽ የሚባል ነገር መጣ። ይውጣና ይቀባ፣ በአንድ ከሰዓት ያበራል፣ ሰው የሚያየው ላዩን ነው ተባለ።

«እኔስ የምሠራው ምኑን ነው? ላዩን እኮ ነው» አሉ ጋሽ ሰጠኝ። እምቢም አላሉ፣ አልተቆጡም። ብቻ በርሜሉን አላቆሙም።

በሳምንቱ ዕድሜያቸው ደርሷል ተባለ። ዕድሜያቸውማ ዓምናም ደርሶ ነበር። ዓምና ግን ቫርኒሹ ስላልመጣ ዕድሜያቸውን ያየ ሰው አልነበረም። ኮሶዬ መንገድ ዳር የተቀባ ድንጋይ ሲሸጥ አይታችኋል፤ በጋ ሲገባ ፀሐይ ይመታውና እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሳል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ያኔ ደግሞ የሚለቅሙት አቶ አንዱዓለም አይደሉም፣ የሚፋቅ ነገር ሁሉ ወደ እኔ ነው የሚመጣው።

እስቲ አንድ ጊዜ ዝም በሉ። ይሰማችኋል? ከግድግዳው ወዲያ፣ በርሜሉ። ጋሽ ሰጠኝ ከመጣን ጀምሮ የማንንም ንግግር አልሰሙም፣ የኔንም ጭምር። ጆሯቸው እዚያ ነው። አያችሁ፣ ፈገግ አሉ፤ እውነት ነው ማለት ነው።

ዛሬ ጧት የበርሜሉን ቤት ቁልፍ አስረከቡኝ። መዳፌ ላይ አስቀምጠው ጥፍሬን አዩ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሌላ ትእዛዝ ደረሰኝ፤ ነገ በርሜሉን አጥፍተሽ ግንዱን አስወጪ ተባልኩ። አቶ አንዱዓለም፣ አዎ ወይም እሺ አላልኩዎትም፣ ልብ ብለው ከሆነ። መልሴን በሰው ፊት ልስጥዎ። አላጠፋውም። ቁልፉ ይኸው አንገቴ ላይ ነው፣ ከማተቤ ጋር አስሬዋለሁ። ማተቤን በጥሶ የሚወስድ ካለ ይምጣ። ጥምቀት ዘንድሮም አለ፣ ከርሞም አለ። ከሥራ ብታስወጡኝም ማጠብ የትም አይጠፋም።

ጋሼ፣ አይቆጡ። ይህ ለእርስዎ ብዬ አይደለም። እኔም አጣቢ ነኝ፤ ያን ግንድ ሁለት ጊዜ አጥቤዋለሁ፣ አሸዋ የለበትም።

አሁን ተነሱ። ዛሬ ሁላችንም ጋሽ ሰጠኝን በምስጋና ስናረጥባቸው ነው የዋልነው። ምሰሶ፣ አባት፣ አርአያ። ውሃ ሲነካው የማያምር ድንጋይ የለምና በዚህ አትኩራሩ። ነገ ይደርቃል። ከነገ ወዲያ ስልክ የሚደውልላቸው ማን እንደሆነ፣ አምባ ጊዮርጊስ ሲያልፍ ከሚኒባስ ወርዶ ቤታቸው የሚገባ ማን እንደሆነ፣ ያኔ ነው የሚታየው። እትዬ ብርሃን፣ ባለቤትዎን ንጹሕ አድርገን መልሰንልዎታል፤ ሳህኑን በጣት ሲፈትሹ ይታገሷቸው። ያ የዱቄት ሳል ይልቀቅዎት ጋሼ። ጉልበትዎ ይመለስ። ደጅዎ ሰው አይጣ። እርጥብዎም ደረቅዎም አንድ እንደሆነ ኖረዋልና፣ የእኛም እንደዚያ ይሁንልዎት።

በሉ፣ ለጋሽ ሰጠኝ ጤና።

እና ጋሼ፣ ዛሬ ሲተኙ ተደላድለው ይተኙ። መብራት ቢጠፋም፣ ሰው ቢያጠፋውም፣ ክንድ አለን። ጭቃው አይተኛም።