በአዝራር ቆርቆሮ ውስጥ የተቆለፉ ካርዶች

ልብስ ሰፊው ክር ሊገዛ ወጥቶ ዝናብ ያዘውና ከክር ሻጩ በረንዳ ሥር ተጠለለ። ቀና ሲል ከጎኑ የቆመው ሰው አቶ ነገ ሆኖ አገኘው። አቶ ነገ የወረዳው ጽሕፈት ቤት ሹም ነው። ይህን ስም ያወጣለት ባለጉዳይ ሁሉ ነው፤ ሰው ምንም ይዞ ቢመጣ «ነገ ተመለሱ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልነበረውምና። አሁን ግን ለክልሉ ምክር ቤት ወንበር ስለሚወዳደር ፊቱ በሙሉ ጥርስ ሆኗል።

«ጋሼ! እርስዎን ስፈልግ እኮ እግሬ ቀጠነ!»

«እኔ ከሱቄ የትም አልሄድ» አለ ልብስ ሰፊው።

«ይኸው እግዜር አገናኘን። ምርጫው ከነገ ወዲያ ነው። የመደዳችሁ ካርድ እርስዎ ዘንድ እንደሆነ ሰምቻለሁ። አርባ አንድ ድምፅ ቀላል አይደለም፤ ባለፈው ጊዜ የወደቀው ሰውዬ በሠላሳ ነው የወደቀው። ዛሬ ከሰዓት ብቅ እላለሁ። እርስዎ አንዲት ቃል ከተናገሩ የሚቃወም የለም።»

«ይምጡ» አለና ልብስ ሰፊው ዝናቡ ሳያባራ ወጥቶ ሄደ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ መደዳ ምርጫ በደረሰ ቁጥር የየቤቱ ሰው የምርጫ ካርዱን አምጥቶ ለልብስ ሰፊው ይሰጣል። «አንተ አስብልን» ይሉታል። እሱም በአዝራር ቆርቆሮው ውስጥ አኑሮ፣ በምርጫው ዕለት ማለዳ ካርዱን ከአንዲት ስም ጋር ያድላል። ዘንድሮ ግን ሊያድል አላሰበም። ምርጫው እስኪያልፍ ቆርቆሮውን ቆልፎ ሊቀመጥ በልቡ ቆርጧል።

ምክንያቱ የዘጠኝ ዓመት ቂም ነው። ሚስቱ ዓይኗን ታማ ለሆስፒታል የወረዳው ደብዳቤ ሲያስፈልግ፣ በጽሕፈት ቤቱ ኮሪደር በአግዳሚ ላይ ሦስት ቀን ተቀመጠ። አቶ ነገ በፊቱ ሲወጣ ሲገባ አንድ ጊዜ እንኳ ቀና ብሎ አላየውም። በአራተኛው ቀን ደብዳቤው ሲወጣ ሐኪሙ «በሁለት ቀን ብትቀድሙ ኖሮ» አለ። የግራ ዓይኗ በዚያው ጠፋ። ብዙ የተማሩ ሰዎች እንዲህ ያለውን ነገር አለመርሳት ኋላቀርነት ነው ይላሉ። እነሱ ሰው ያስጠብቃሉ እንጂ ጠብቀው ስለማያውቁ ይሆናል።

ወደ ሱቁ ሲገባ የእህቱን ልጅ ተቀምጣ አገኛት። አስተማሪ ናት፤ በምርጫ ጣቢያው የመራጮችን መዝገብ እንድትይዝም ተመድባለች።

«አጎቴ፣ በብርድ ሊሞቱብኝ ነው እንዴ?» አለች፣ ከኮቱ የሚንጠባጠበውን ውሃ እያየች። «መጀመሪያ ያውልቁት። ከዚያ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። አጣቢዋ ሴትዮ ዛሬ ካርዷን ለምናዎት እንዳልሰጧት ነገረችኝ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«ለምን?»

«ዘንድሮ ከዚህ መደዳ ማንም አይመርጥም። ያ ሰውዬ አርባ አንድ ድምፅ ቆጥሮ ይምጣና ባዶ እጁን ይመለስ! ማስጠበቅ እንዴት እንደሆነ ይቅመሳት።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ካርዱ የእርስዎ ነው?»

«አምነው ሰጡኝ፤ አልቀማኋቸውም። ግማሹ ፊደል አይቆጥርም። ባድላቸው ያንን ጥርሱን አይተው ይመርጡታል።»

«የበደላቸውን ሰው ለማወቅ ፊደል አያስፈልግም፣ አጎቴ። ወረቀቱ ላይም ምልክት አለ። ደግሞ ቢመርጡትስ? የሚያስተዳድረው እነሱንም አይደል?»

«አንቺ ልጅ፣ ኮሌጅ ገባሁ ብለሽ በእኔ ላይ ክፍል ልትከፍቺ ነው? እኔ ስድስተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩት ሰነፍ ሆኜ አይደለም!»

«እኔን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፤ በእርስዎ ላይ አልኮራም። አንዲት ጥያቄ ብቻ ይመልሱልኝ። በዚያ አግዳሚ ላይ ስንት ቀን ተቀመጡ?»

«ሦስት ቀን! ታውቂዋለሽ!»

«ማን አስቀመጥዎት?»

«እሱ ነዋ!»

«ዛሬስ አርባ አንዱን ሰው አግዳሚ ላይ ያስቀመጠው ማን ነው?»

ልብስ ሰፊው መቀሱን ጠረጴዛው ላይ ሲያሳርፈው አዝራሮቹ ዘለሉ። «ውጪልኝ!» አለ። ልጅቱ ፊቷ ቢገረጣም ከመቀመጫዋ አልተነቃነቀችም።

ያን ጊዜ የጓዳው መጋረጃ ተገለጠና ሚስቱ ወጣች። ቀኙን ዓይኗን ወደ እሱ አቅንታ ቆመች።

«የት ነው የምትወጣው? እኔ ልጠይቅህ እንጂ» አለች። «የጠፋው የማን ዓይን ነው?»

«ያንቺ።»

«ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ምርጫ አለፈ። አንድ ቀን እንኳ ‹አንቺ ምን ትያለሽ?› ብለኸኝ ታውቃለህ? የእኔም ካርድ እዚያ ቆርቆሮ ውስጥ ነው። በእኔ ዓይን የተቀየምከው አንተ፤ በእኔ ካርድ የምትፈርደው አንተ! እኔ የት አለሁ?»

ልብስ ሰፊው ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስለ እሷ የተናደደ መስሎት ነበር። አሁን ሲያስበው የተናደደው ስለ አግዳሚው ነው፤ ስለ ራሱ። ከአንገቱ ቁልፉን አውጥቶ ቆርቆሮውን ከፈተና የእሷን ካርድ ፈልጎ በሁለት እጁ ሰጣት።

ይኸኔ አቶ ነገ ጃንጥላውን እያራገፈ በሩ ላይ ደረሰ። የተከፈተውን ቆርቆሮ ሲያይ ዓይኑ በራ።

«በሰዓቴ ደረስኩ ማለት ነው!»

«ይቀመጡ» አለ ልብስ ሰፊው። ያለው መቀመጫ ደንበኛ የሚጠብቅበት አግዳሚ ብቻ ነበር። አቶ ነገ ተቀመጠ። ልብስ ሰፊው ካርዶቹን አንድ በአንድ ወደ ኪሱ ከተተ፤ አልቸኮለም። ከዚያ «እኔ ለማንም ቃል አላወጣም። ካርዱን ለየባለቤቱ ልመልስ ነው። ድምፃቸውን ከፈለጉ ቤቶቹ እነዚያ ናቸው፤ እያንኳኩ ይጠይቁ» አለ።

«ጋሼ፣ አርባ ቤት? ጊዜ የት አለኝ?»

«ከእኛ ይጀምሩ» አለች ሚስቱ። «ወንበሩን ቢያገኙ፣ ለታመመ ሰው ደብዳቤ በስንት ቀን ይወጣል?»

አቶ ነገ ላቡን ጠረገ። «እናቴ፣ ይህ እንኳ ጥናት የሚያስፈልገው ነገር ነው፤ መልሱን ነገ ይዤ...» አለና ምላሱን ነከሰ። አስተማሪዋ በመዳፏ አፏን ብትይዝም ሳቁ አመለጣት። እሱም ቀይ ሆኖ «በዕለቱ» አለ። «በዕለቱ ይወጣል።»

«ሰምቻለሁ» አለች ሴትዮዋ።

ልብስ ሰፊው ያን ዕለት ከሰዓት በር ለበር ሄደ። ከሁሉ የከበደው የአጣቢዋ በር ነበር። ካርዷን ተቀብላ «ታዲያ ማንን ልበል?» ስትለው «እሱን ተይው» ሊላት ዳዳው። ዋጠውና «አንቺ ታውቂያለሽ» አላት። «እንግዲያው ደጃፌ ላይ ስለተደፈነው ቦይ የሚያስብልኝን እመርጣለሁ» አለች፤ ለካስ የራሷ ሐሳብ ነበራት!

አቶ ነገ አሸነፈ፤ በአሥራ አራት ድምፅ። ልቡ ተለወጠ ብዬ አንባቢን አላታልልም። የተለወጠው አንድን ሰው ብቻ ማባበል ከእንግዲህ የማያዋጣው መሆኑ ነው። በዚያ ሁለት ቀን አርባ በር አንኳኩቶ በየበሩ ቃል ሰጥቷል፤ ቃሉንም የሚያስታውሱ አርባ አንድ ሰዎች አሉ። ለዚህ ነው ከወር በኋላ የሕሙማን ደብዳቤ በዕለቱ መውጣት የጀመረውና ከኮሪደሩ አግዳሚው የተነሣው። የአጣቢዋ ደጃፍ ቦይም ተጠርጓል። ድምፁን ለሌላ ሰው አስረክቦ የተቀመጠ ሰው ኮሪደር ላይ ቢረሳ ሊደንቀው አይገባም። እዚያ ያስቀመጠው ሹሙ ብቻ አይደለም፤ «አስብልን» ያለ ራሱም፣ «አስብላችኋለሁ» ያለው ወዳጁም ነው።

ያኔ በምርጫው ዕለት፣ ባልና ሚስቱ ድምፅ ሰጥተው ከጣቢያው ሲመለሱ ልብስ ሰፊው መታገሥ አቃተው።

«ለመሆኑ ለእሱ ነው ወይስ በእሱ ላይ?» አላት።

ሴትዮዋ ነጠላዋን አስተካክላ መንገዷን ቀጠለች።

«ነገ ተመለስ» አለችው።