የአጎቴ ማፍጠኛ

ሊፍቱ ስለተበላሸ በደረጃ ስወጣ አጎቴን መሐል ላይ አገኘሁት። ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት የሚተኙበትን ማሞቂያ የሚቆጣጠር፣ ራሱ የሠራውን ሣጥን አቅፎ ያለከልካል። ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ደወሉ ዘግይቶ ስለሚጮኽ ሆስፒታሉ መልሶበታል። ዛሬ ካልተስተካከለ ሥራውን ለሌላ ይሰጡታል።

«ዶክተሩ» አለኝ፤ ውጭ ተምሬ ከተመለስኩ ወዲህ በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም። «ና ፍረደን። ልጄ አዲስ ኮምፓይለር እንሞክር ብላ መቆሚያ መቀመጫ አሳጥታኛለች።»

ኮምፓይለር ሰው የጻፈውን ኮድ ማሽን ወደሚገባው ቋንቋ የሚለውጥ ፕሮግራም ነው። አሮጌውም አዲሱም በነፃ ይገኛሉ፤ የራሳቸው ኮድም ለማንም ክፍት ነው። አጎቴ በአሮጌው ሲሠራ ሸብቷል። እኔ በተማርኩበት አገር ሰው ሁሉ አዲሱን ያመሰግን ነበር፤ ለምን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም።

ተያይዘን ወደ ሥራ ክፍሉ ስንገባ ልጁ ከስክሪኗ ቀና አለች። «አባዬ፣ አሮጌውን አልጠላሁትም። እግሩን አስረህ ሩጥ ትለዋለህ እንጂ። ማፍጠኛውን ለምን ታጠፋበታለህ? ደወሉ የሚዘገየው ለዚህ ነው።»

ማፍጠኛ የምትለው ፕሮግራሙ ቶሎ እንዲሠራ ኮዱን የሚያቀላጥፈውን ምርጫ ነው።

«ስከፍተው ደወሉ ያብዳላ። አንዴ ይጮኻል፣ አንዴ ዝም ይላል። ኮዴን የሚያበላሽ እሱ ነው።»

«እንግዲያው አዲሱን ያዙ» አልኩ።

«በአዲሱም ማፍጠኛውን ስከፍት ያው ነው» አለች።

«እንግዲያው አትቀይሩ።»

አጎቴ ሳቀ። «ዶክተሩ እኮ በር ነው፤ የገፋው ሁሉ ይከፍተዋል።»

እሷ አልሳቀችም። ስክሪኑን ወደ እኛ አዞረች። አዲሱ ኮምፓይለር ከአንድ መስመር ሥር ቀስት አድርጎ፣ መነሻ ዋጋ ያልተሰጠው ቁጥር እንዳለ በግልጽ ጽፏል። «ደወሉን የሚያሳብደው ይህ እንጂ ማፍጠኛው አይደለም» አለች።

«አሮጌው ይህን አላየም?» አልኩ።

«አይቷል። አባዬ ነው አፉን የዘጋው።»

«ማስጠንቀቂያ ያበዛ ነበር» አለ አጎቴ ቀስ ብሎ። «አሰለቸኝና አጠፋሁት።»

«የሕፃን ደወል ነው፣ አባዬ። ያብዛ።»

መስመሩን አረመችው፤ ማፍጠኛውን ከፈተች፤ ሙቀት መለኪያውን በፀጉር ማድረቂያ አሞቀችው። ደወሉ ወዲያው ጮኸ። በሌላኛው ኮምፓይለርም ሞከረች፤ ጮኸ። ሲለካ በአሮጌው የተለወጠው ፕሮግራም በትንሹ ፈጠነ፤ አዲሱ ግን ኮዱን ለውጦ ለመጨረስ ቀደመ።

ግራ ገባኝ። «ታዲያ ማን አሸነፈ?»

«አንተ ደግሞ እሽቅድምድም አደረግከው» አለ አጎቴ። ከዚያ ወደ ልጁ ዞረ። «ተሳስቻለሁ፣ ልጄ። ስንጽፍ በአዲሱ እንጻፍ፤ ቶሎ ይጨርሳል፣ ስህተታችንንም ሳያድበሰብስ ይነግረናል። ለሆስፒታሉ የሚሄደውን አሮጌው ይሥራው፣ ማፍጠኛው ተከፍቶ። ማስጠንቀቂያ ግን ከሁለቱም እንስማ፤ አንዱን ቢያመልጠው ሌላው ይይዘዋል።»

እንዳለው አድርጋ ሣጥኑ ላይ ጫነችው። በቀሩት የድሮ ኮዶቹ ላይም ማስጠንቀቂያውን ስትከፍተው ስክሪኑ ከላይ እስከ ታች ሞላ። አጎቴ ወንበር ስቦ መነጽሩን አደረገ።

«ዶክተር፣ ሣጥኑን ለሆስፒታሉ አንተ አድርስልኝ። እኔ ስድቤን ላንብብ።»

ሣጥኑን አቅፌ ደረጃውን ወረድኩ። የትኛው እንደሚበልጥ ዛሬም ብትጠይቁኝ እንጃ። ያቀፍኩት ደወል ግን በጊዜው እንደሚጮኽ አውቅ ነበር።