ሥራ ያማራት እርጉዝ

የጎረቤቴ ልጅ ሰዓዳ የስድስት ወር እርጉዝ ናት። ቆቦ ገበያው ዳር ዩኒፎርም የሚያሰፉት ሴትዮ ሠራተኛ ይፈልጋሉ ሲባል፣ «ሆድሽን በሻርፕ ሸፍኚው» ብዬ መክሬ አብሬያት ሄድኩ። ልጅት ግን ሱቁ በር ላይ ሻርፑን ትከሻዋ ላይ መለሰችው! ሴትዮዋ ሆዷን አይተው፣ «ውይ ልጄ፣ ከወለድሽ በኋላ ብትመጪስ?» አሏት። እኔ ዝም ማለት የት አውቄ! «እርጉዝ ያማራትን ትከለከላለች እንዴ? ሌላዋን ጥሬ ሥጋ ያምራታል፣ ይቺን ሥራ አማራት። ኋላ ልጁ ላይ ምልክት ቢወጣ በእርስዎ ነው!» አልኳቸው። ሴትዮዋ ደንገጥ ብለው፣ «እንግዲያስ ትግባ» አሉ። ወላሂ፣ ያሸነፍኩ መስሎኝ ነበር።

ሰዓዳ ግን፣ «እትዬ፣ ምልክት ፈርተው አይቅጠሩኝ። ያረገዘው ሆዴ ነው፣ እጄ አይደለም» አለቻቸውና የስፌት መኪናው ላይ ቁጭ ብላ አንድ ኮሌታ ሰፋች። ሴትዮዋ ኮሌታውን ገልብጠው ክሩን በጥፍራቸው ሳብ ሳብ አደረጉት። ንቅንቅ አላለም። «ነገ በጠዋት ነይ። ወልደሽ እስክትመለሽም መኪናሽን ማንም አይነካውም» አሏት። እሷ ልታመሰግን ጎንበስ ስትል፣ እኔ ባጃጅ ይዤ ወሬውን ለእናቷ ላደርስ በረርኩ።