ሰው የሌለበት ፎቶ

በእኛ ጊዜ ፎቶ ማለት ሰው ማለት ነበር ልጆቼ። ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ፤ አንዳንዱንም ነገር ልስት እችላለሁ፣ ዕድሜ ነው። ኢሕአዴግ ከገባ በኋላ ነው፤ ሞባይል ግን ገና ሀዋሳ አልደረሰም።

በቀለ የሚባል ጓደኛ ነበረኝ፣ የጂኦግራፊ መምህር፣ ታቦር ሰፈር አጥር ለአጥር ጎረቤቴ። የወሎ ሰው ነው። ታዲያ ጡረታ ወጥቶ አገሩ ሊገባ ሲል፣ «እህቴ ዕድሜዬን የት እንደፈጀሁ አታውቅም፣ ላሳያት» ብሎ ካሜራ ተዋሰና በአውቶቡስ ይርጋለም፣ ዲላ፣ ሶዶ ዞርን። እና የሚያነሳው ምን መሰላችሁ? ተራ ነገር! ቀይ አፈር መንገድ፣ የእንሰት ጓሮ፣ ጭቃ የሆነ መናኸሪያ። እኔ ፈሪ ነኝ፤ «በቀለ፣ ድልድዩን ተወው፣ ያስሩናል» እለዋለሁ፣ እሱ ጠቅ ያደርጋል። ዲላ መንገድ ላይ አንድ ገበሬ ዱላውን ይዞ መጣ።

«መሬቱን ለማን ልትሰጡት ነው የምታነሱት?»

«ለእህቴ!» አይለው መሰላችሁ በቀለ? እግዜር አወጣን እንጂ!

ታዲያ ሀዋሳ ተመልሰን ፊልሙን ፒያሳ ካለ ፎቶ ቤት ሰጠነው። ነገ ሊሄድ ትኬት ቆርጦ ዛሬ ልንወስድ ገባን። በቀለ ፖስታውን ከፈተ፤ ሦስት ፎቶ ብቻ! ሦስቱም እኔ ነኝ፣ አንዱ ላይ ሙዝ ስልጥ።

«የቀሩትስ?» አለው ባለፎቶ ቤቱን።

«ጋሼ፣ የቀሩት ተበላሽተዋል።»

«ተቃጥለው?»

«አይ፣ ጥርት ብለው ነበር። ግን ሰው የለባቸውም እኮ! ሰውዬው አምልጦዎት ባዶ ሜዳ ነው የመጣው። ለባዶ ሜዳ ላስከፍልዎት?»

«ኔጌቲቩስ?»

«ሰው ያለበትን ቆርጬ አስቀረሁ፣ ሌላውን ጣልኩት። ጠዋት ከቆሻሻው ጋር ወሰዱት።»

ደሜ ፈላ! «ስማ አንተ፣ እንሰቱን የተከለው ሰው አይደለም? መንገዱን በእግሩ ያወጣው ሰው አይደለም? ባዶ ትለዋለህ?» ብዬ ጮህኩ፤ እኔ፣ ቀበሌ ስብሰባ ላይ እንኳ ድምፄ የማይሰማው ሰውዬ! «አባባ ይቅርታ፣ ለሁሉም ደንበኛ እንዲህ ነው የምናደርገው» አለኝ። እውነቱን ነው እኮ! ሁሉም ፎቶ ቤት እንዲህ ነበር! ያናደደኝም ይኸው ነው። ሙሽራውን አጥበው፣ ልደቱን አጥበው፣ የጉዱማሌ ሜዳውን የበዓል ጭፈራ አጥበው፣ አገሩን ሲያገኙት ግን ስህተት ነው ብለው ቆርጠው ይጥሉታል! በቀለ ሦስቱን ፎቶ ኪሱ ከቶ በማግስቱ ሄደ።

«ታዲያ እህቱ ምን አየች?» ትሉኛላችሁ። ምን ታያለች፣ እኔን ነዋ! ከደሴ ደወለልኝ። «እህቴ ምን አለች መሰለህ? ‹ዕድሜህን የጨረስከው እዚህ ሰውዬ ላይ ነው?›» ቤተሰቡ ሁሉ ሳቀ፣ ሳቀ! እሱም ስቋል። «አሁን እዚህም አነሳለሁ» አለኝ፤ «ግን መንገደኛ ለምኜ ጥግ ላይ አቆማለሁ፣ አለዚያ ይጥሉብኛል። አንዱ ‹ጋራውን ከለልኩት መሰለኝ፣ ዞር ልበል?› ቢለኝ፣ ‹ኧረ እንዳትንቀሳቀስ!› አልኩት።»

እኔ አልሳቅኩም። ሰው በገዛ አገሩ፣ የአገሩን ጋራ ለማንሳት መንገደኛ ይለምናል? ብዬ ልቆጣ አፌን ስከፍት መስመሩ ተቋረጠ። ያን ቀን ነው ድምፁን ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት፤ ከዚያ ወዲህ ወሬውንም አልሰማሁ።