ጓዳው ውስጥ ያለው እንጨት

አሜሪካ፣ ፌርፋክስ የምሠራበት የሐበሻ ሱቅ ጓዳ ውስጥ፣ ግድግዳው ላይ በወገብ ልክ አግድም የተመታ ረጅም እንጨት አለ። የሱቁ ባለቤት እትዬ ዘነበች "ድሮ ሥጋ ቤት ሳይሆን አይቀርም፤ ቋንጣ መስቀያ ነው" ስለሚሉ እኛም ሽርጣችንን እንሰቅልበታለን። ሶ በቀደም ለጤፉ ሼልፍ ልሠራ፣ እንጨቱን ልነቅለው ድሪሉን እንዳነሳሁ፣ ዘጠና የሚሆናቸው ፈረንጅ አሮጊት በዎከር እየተደገፉ መጡና "ጓዳችሁን ልየው?" አሉኝ።

እንጨቱን ሲያዩ ፊታቸው በራ። "ከዓለም ጦርነቱ በኋላ ይሄ ፍራሽ መሸጫ ነበር። እሁድ እሁድ ሱቁ ሲዘጋ እዚህ ይሄን እንጨት እየያዝን ባሌት እንደንስ ነበር። ተመልካቹ ፍራሽ ላይ ተቀምጦ ነው የሚያየን።"

"እንቅልፍ አይወስዳቸውም?" አልኳቸው።

"አባቴን ሁሌ ይወስደው ነበር!"

ከዚያ ዎከራቸውን ለቀቁት። ወደቁ ብዬ ስሮጥ፣ እንጨቱን በሁለት ጣት ብቻ ነካ አድርገው፣ ተረከዛቸውን ገጥመው፣ አንገታቸውን ቀና አድርገው ቆመዋል። ጓዳው በር ላይ ቆመው የሚያዩት እትዬ ዘነበች በርበሬ በነካ እጃቸው አፋቸውን ያዙ።

ሼልፉን ሌላ ግድግዳ ላይ መታሁት። ትናንት ጠዋት ቀደም ብዬ ስገባ፣ እትዬ ዘነበች ብቻቸውን ጓዳ ውስጥ እንጨቱን ይዘው፣ ተረከዛቸውን ገጥመው ቆመዋል።

"ለወገቤ ነው!" አሉኝ፣ እንጨቱን ሳይለቁ።