በርጩማ ይዘው ባንክ የገቡት ጋሽ ዱካ

እስኪ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ የኋላዎቹም ይሰማችሁ። ዛሬ የምንሸኛቸው ሰው በሹክሹክታ የሚወራ ኑሮ አልኖሩም።

ጋሽ ዱካ ከአናጢ አባታቸውና ልብስ እያጠቡ ልጆች ካሳደጉት እናታቸው፣ ከሰባት ልጆች ሦስተኛው ሆነው ከዛሬ ሰባ አራት ዓመት በፊት ተወለዱ። እናታቸው ሁለት ቀን ሙሉ አምጠው ሲገላገሉ «ይሄ ልጅ ካልፈለገ ከተቀመጠበት አይነሳም» አሉ፤ ባንኩ ያኔ ቢሰማ ኖሮ ስንት ድካም በቀረለት! እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ፤ ይሁንና መምህራቸው በመስኮት ወፍ ሲቆጥሩ እያገኙ ስለሚቀጧቸው፣ የዓመቱን ግማሽ ያሳለፉት በር ላይ ተንበርክከው ነው።

በሃያ ዓመታቸው የጥብቁ ደን ጠባቂ ሆነው ተቀጠሩና ሠላሳ ስምንት ዓመት እዚያው አገለገሉ። ደኑ መሀል ሽመላዎች እንቁላል የሚጥሉበት ረግረግ አለ፤ ከጠባቂ በቀር ማንም፣ ሚኒስትርም ቢሆን፣ በእግሩ እንኳ አይገባበትም። የዚያ ረግረግ ጭቃ ጥቁር ሆኖ ሲደርቅ ጫፉ ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ የተቃጠለ ክብሪት ይሸታል። ዱካ አይተው እንስሳው ጠግቦ ይሁን ርቦት ይናገሩ ስለነበር ቅጽል ስሙ ወጣላቸው፤ የመዝገብ ስማቸውን የሚያስታውሰው ጡረታ ቢሮ ብቻ ነው።

ባለቤታቸውን ያገኙት እባብ ነድፏቸው ነው። የጤና ጣቢያዋ ነርስ መርፌ ሲያዘጋጁ፣ እሳቸው የእባቡን ርዝመትና የሄደበትን አቅጣጫ ያስረዳሉ። ነርሷ «ሰውዬ፣ እሱ ይቆይ፤ መጀመሪያ አይሙቱብኝ!» ብለው ጮኹባቸው። አልሞቱም፤ አገቧቸው። የዓይናቸው ማረፊያ የሆነች አንዲት ሴት ልጅም ወለዱ።

ጡረታ ወጥተው ከተማ ልጃቸው ዘንድ በገቡ በሦስተኛው ዓመት፣ አንድ ሰኞ ጠዋት ባንክ ወረፋ ይዘው ተቀምጠው ሳለ፣ ነጩ ወለል ላይ የጫማ ዱካ አዩ። ጥቁር ነው፤ ጫፉ ሰማያዊ። ጎንበስ ብለው አሸተቱት። የጽዳት ሠራተኛዋ መወልወያዋን ይዛ ስትመጣ «ልጄ፣ በእናትሽ አትጥረጊው!» ቢሏት፣ «አባባ፣ ታመሙ እንዴ?» ብላ ውኃ ልታመጣ ሮጠች። እሳቸው ግን ዱካውን ተከትለው፣ ደረጃውን ወጥተው የብድር ክፍሉ በር ላይ ደረሱ። በሩ ገርበብ ብሏል። ውስጥ ያ ጭቃ የነካው ቦቲ ጫማ ያጠለቁ ሁለት ሰዎች ካርታ ዘርግተዋል፤ የሽመላዎቹ ረግረግ ላይ አሥራ ሁለት ቀይ ነጥብ። አሥራ ሁለት የነዳጅ ጉድጓድ መሆኑ ነው! አበዳሪው ደግሞ ጡረታቸውን የሚከፍላቸው ያው ባንክ። የቀረው ፊርማው ብቻ ነበር።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጋሽ ዱካ ሰኞ በመጣ ቁጥር የወረፋ ቁጥር ይቆርጣሉ፣ መስኮቱ ጋ ይቀርባሉ፣ አንዲት ጥያቄ ይጠይቃሉ፦ «ረግረጉን ለሚቆፍሩት ታበድራላችሁ ወይስ አታበድሩም?»

«አባባ፣ እኔ ገንዘብ ከፋይ ነኝ።»

«አውቃለሁ ልጄ፤ የሚያውቀውን ጥሪልኝ።»

የሚያውቀው አይመጣም፤ እሳቸውም ሌላ ቁጥር ይቆርጣሉ። በሁለተኛው ሳምንት ሦስት ጡረተኞች ተከተሏቸው፤ በአምስተኛው አዳራሹ ጢም አለ። ማንም አልጮኸም፣ ማንም አልተሳደበም፤ ሁሉም በየተራው ያችኑ ጥያቄ ነው። ሥራ አስኪያጁ መላ አገኘሁ ብሎ ወንበሮቹን በሙሉ አስነሳ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ረግረግ ውስጥ የቆሙትን ሰው በእግራቸው ሊያሸንፋቸው! በሚቀጥለው ሰኞ ጋሽ ዱካ አባታቸው የሠሩላቸውን ባለ ሦስት እግር በርጩማ በብብታቸው ሸጉጠው ከች አሉ።

«አባባ፣ ዕቃ ይዞ መግባት ክልክል ነው» አለ ዘበኛው።

«ዕቃ አይደለም፤ እግሬ ነው።»

ከኋላቸው ታናሽ እህታቸው የወጥ ቤቷን ዱካ፣ ያችን አጭር መቀመጫ፣ ተሸክማ፣ ከእሷ ኋላ አርባ ሰው አርባ መቀመጫ ይዞ። ሥራ አስኪያጁ ወርዶ «ምን ብናደርግ ይተዉናል?» ቢላቸው፣ «አትፈርሙ፤ ቤቴ እገባለሁ» አሉት።

በአሥራ አራተኛው ሰኞ ባንኩ ብድሩን መተዉን በወረቀት ጽፎ በሩ ላይ ለጠፈ። ሰው ሁሉ ሲተቃቀፍ እሳቸው ሁለት ጊዜ አነበቡትና «ማኅተም የለውም» ብለው ሌላ ቁጥር ቆረጡ። ከሰዓት በኋላ ማኅተሙ ተመታ፤ ያኔ ነው ከበርጩማቸው የተነሱት።

ባለፈው ዓመት ሳንባቸው ታመመ። ባለፈው ወር ሆስፒታል ተኝተው ሳለ፣ ከዚያ ባንክ ፊት ለፊት ከመንገዱ ማዶ ያለው ሌላ ባንክ ያንኑ ብድር ሊሰጥ መሆኑን ከልጃቸው ሰሙ። ዘመድ ሁሉ «ለበሽተኛ ይሄ ይነገራል?» ብሎ ልጃቸው ላይ ጮኸ። እሳቸው ግን ብድግ ብለው ተቀመጡና «ጫማዬን አምጡ» አሉ። ባለቤታቸው ትከሻቸውን ይዘው፣ እንደ ድሮው «እሱ ይቆይ፤ መጀመሪያ አይሙቱብኝ» አሏቸው። በዚህ ጊዜ ግን አልታዘዟቸውም። ባለፈው ሐሙስ ጠዋት፣ «በርጩማው መንገድ ይሻገር» ብለው አረፉ።

ጋሽ ዱካ ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውን፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውን፣ ምላሷ ያላረፈ ታናሽ እህታቸውን፣ አባቴ የምትላቸውን የጽዳት ሠራተኛ፣ አዳራሽ ሙሉ ጡረተኛና አንዲት መልስ ያላገኘች ጥያቄ ትተው ሄደዋል። ረግረጉም አለ፤ ዘንድሮም ሽመላዎቹ ፈልፍለውበታል።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ማንም በማይቆፍረው ጸጥ ያለ ውኃ ዳር ያሳርፍልን። እኛ ግን ገና አናርፍም። ሰኞ ሁለት ሰዓት፣ ከመንገዱ ማዶ፤ መቀመጫችሁን ይዛችሁ ኑ።