ጋሽ ፍሬን የተባሉት የታላቅ ወንድሜ ዜና ሕይወት

ሥራችሁን ትታችሁ፣ በዚህ ፀሐይ ቆማችሁ ታላቅ ወንድሜን ለመሸኘት የተሰበሰባችሁ ሁሉ፤ ይህን ወረቀት እንዳነብ የተመረጥሁት የሟች ታናሽ ወንድም በመሆኔ ነው። ስጽፈው ቤተሰቡ አንድ ነገር አደራ ብሎኝ ነበር፤ ይኸውም ከዐሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት ስለ ደረሰው የመኪና አደጋ ትንፍሽ እንዳልል ነው። ባለቤታቸው እትዬም እሱን ተወው ሲሉኝ ዓይን ዓይኔን አዩኝ፤ ምን ያህል እንደሚያውቁ ግን እስከ ዛሬ ጠርጥሬ እንጂ አረጋግጬ አላውቅም። ሆኖም ከእናንተ ግማሹ ስለ ወንድሜ የሚያውቀው ያንኑ አደጋ ነውና፣ ዘልዬው ባልፍ ስማቸው እንደ ጎደፈ አብሯቸው ሊቀበር ነው። ስለዚህ ያበጠው ይፈንዳ ብዬ አነሣዋለሁ።

ታላቅ ወንድሜ ከጫማ ሰፊው አባታችንና የሆስፒታል ልብስ ያጥቡ ከነበሩት እናታችን፣ በአንዲት ባለ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ የበኩር ልጅ ሆነው ተወለዱ። እኔ የመጨረሻው ስሆን በዐሥራ ስምንት ዓመት ይበልጡኛል። እናታችን ማንበብ ስለማይችሉ ከእራት በፊት ወንድሜን አንድ ገጽ ከመጽሐፍ ቅዱስ ያስነብቧቸው ነበር፤ አንብበው ሲያበቁም፣ ነገ በዚህ ነገር ምን ልትሠራበት ነው ብለው ይጠይቋቸዋል፤ መልስ የሌለው ሰው እራቱ ፊቱ ላይ ይቀዘቅዝበታል። ወንድሜ ቃሉን ሁሉ ወደ ሥራ የመለወጥ ጠባያቸውን ያገኙት ከዚያ ገበታ መሆኑን ራሳቸው ይመሰክሩ ነበር።

ስምንተኛ ክፍልን ጨርሰው ከሙያ ትምህርት ቤት በመካኒክነት ከተመረቁ በኋላ በአንድ ትልቅ ጋራዥ የፍሬን ክፍል ተቀጥረው፣ ከረዳትነት ተነሥተው ዋና መካኒክ ለመሆን በቁ። የተቆጣ ደንበኛ ሲመጣባቸው መልስ ከመስጠታቸው በፊት እጃቸውን በሳሙና ሁለት ጊዜ ይታጠቡ ነበር፤ የለዘበ መልስ ቁጣን ያበርዳል የተባለው ጊዜ ሲሰጡት መሆኑን ደርሰውበታል። ወደ ሰው ቤት እግር ማብዛት ያስጠላል የሚለውን ምክር ከመጠበቃቸው የተነሣ፣ አማቾቻቸው ገና ሻይ ሲቀዱ እሳቸው ጫማቸውን እያሰሩ ይገኙ ነበር። ከሁሉ በላይ ግን ሁሉን ፈትኑ፣ መልካሙን ያዙ የሚለው ቃል የሥራቸው ሕግ ነበርና፣ የማንም እጅ የነካውን መኪና ራሳቸው ወደ ጋራዡ ጀርባ አውጥተው ቁልቁለቱ ላይ ሦስት ጊዜ ሳይፈትኑት ከግቢ አይለቁም። ጋሽ ፍሬን የሚለውን ስም ያወጡላቸውም ሹፌሮች በፍቅር ነበር።

በዚሁ ጠባያቸው የመዋለ ሕፃናት መምህርት የነበሩትን እትዬን ሁለት ዓመት ሙሉ ሲያጠኑ ቆይተው፣ እትዬ በመጨረሻ ፈተናው አልቋል፣ አሁን መልካሙን ያዝ ስላሏቸው ጋብቻቸውን ፈጽመው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል። እኔንም አባታችን ሲሞቱ ወደ ቤታቸው ወስደው አሳድገው፣ ሙያውን አስተምረው፣ ከጎናቸው አስቀጠሩኝ።

አሁን ወደ ተከለከልሁት ነገር ልግባ። አንድ ዓርብ የዳቦ ማከፋፈያ መኪና የፍሬን ቱቦ ሊቀየርለት ገባ። ቱቦውን የገጠመው መካኒክ የማሰሪያውን ዳዶ በእጁ ብቻ አዙሮ፣ ምሳ ሰዓት ሲደርስ መፍቻውን አስቀምጦ ወጣ፤ ሲመለስም ረሳው። መኪናው ከግቢ በወጣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ዳዶው ላልቶ፣ ዘይቱ ፈስሶ፣ ፔዳሉ ወለል ድረስ ሰመጠና ከግንብ ጋር ተላተመ፤ የሹፌሩም ቀኝ እግር ተሰበረ። ወንድሜ የተጎተተውን መኪና ሥር ገብተው ካዩ በኋላ፣ ማንንም ሳይጠይቁ፣ የመጨረሻው ፈታሽ እኔ ነኝ፣ ጥፋቱም የእኔ ነው ብለው ጽፈው ፈረሙ። ከዋና መካኒክነት ተነሥተው ጎማ ክፍል ተመደቡና፣ ራሳቸው ባስተማሯቸው ልጆች እየታዘዙ ስድስት ዓመት ጎማ ሲፈቱ ኖሩ። ጋሽ ፍሬን የሚለው ስምም ከዚያ ወዲህ የሚጠራው በሽሙጥ ፈገግታ ሆነ፤ ሹፌሩ ደግሞ ሰላምታቸውን አልቀበል እንዳሉ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት አለፈ።

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይህ ነው። ዳዶውን በመፍቻ ሳያጠብቅ ለምሳ የወጣው መካኒክ እኔ ነኝ።

ወንድሜ የእኔ ሥራ መሆኑን ያውቁ ነበር፤ የሥራ ካርዱ ላይ ስሜ አለ። ይሁን እንጂ አንድ ቀን እንኳ አላነሡብኝም፤ እኔም ዝምታቸውን እንደ ምሕረት ሳይሆን እንደ ወጥመድ አየሁት። የቤቴን ጣሪያ መጥተው ሲጠግኑልኝ፣ ይህ ሰው ምን ፈልጎ ነው እያልሁ ከታች ሆኜ መሰላላቸውን እይዝ ነበር። ለሠርጌ ሙሉ የመፍቻ ሳጥን ሲሰጡኝ እንግዳው ሁሉ አጨበጨበ፤ እኔ ግን በሰው ፊት ወጉኝ ብዬ ከሙሽራዬ ጋር ሦስት ቀን በቅጡ አላወራሁም። በልጃቸው ምረቃ ፍቅር የኃጢአትን ብዛት ይሸፍናል የሚለውን ቃል ሲያነቡ፣ ከዚያ ሁሉ መጽሐፍ ይህንን የመረጡት ለእኔ ነው ብዬ ወጥቼ በረንዳ ላይ ቆምሁ። ማንም ሳያሳድደው ስለሚሸሽ ሰው የተጻፈ አለ፤ ስሙን አልጠቀሱትም እንጂ አድራሻው የእኔ ቤት ነው።

ኩላሊታቸው ታምሞ ሁለት ዓመት በሳምንት ሦስት ቀን እጥበት ሲመላለሱ አንድም ቀን አልተለየኋቸውም፤ ሰውም ወንድም ካሉ እንዲህ ነው እያለ አመሰገነኝ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንዲሉ፣ እውነቱን ልናገርና እሄድ የነበረው ሰው ሲደክም አፉ ይፈታል በሚል ፍርሃት፣ ለማን ምን እንደሚናገሩ ለመስማት ነበር። ነርሷ ጎንበስ ብላ ስታናግራቸው እንኳ ወንበሬን እስብ ነበር።

ሊያርፉ ሦስት ሳምንት ሲቀራቸው ግን ጥርጣሬው እኔኑ ስለ ጨረሰኝ፣ ለምን እስከ ዛሬ ዝም አሉኝ ብዬ በግልጽ ጠየቅኋቸው። እሳቸውም ቱቦ የተሰካበትን እጃቸውን ሳያንቀሳቅሱ፣ የጻፉት ለእኔ ብለው የፈጠሩት ውሸት አለመሆኑን ነገሩኝ። ያን ቀን መኪናውን ቁልቁለቱ ላይ አላወጡትም ነበር፤ ፔዳሉን በቆመበት አንድ ጊዜ ረግጠው ለቀቁት። ካርዱ ላይ ስሜን አይተው፣ የወንድሜ እጅ ነው ብለው። በዕድሜያቸው ሙሉ ሳይፈትኑ ያመኑት አንድ ሥራ የእኔው ነበር። ወንድም ሲበድል ለብቻ ሄዶ መንገር እንደሚገባም ያውቁ ነበርና፣ ከምክሩ ሁሉ ያቺን አንዷን ሳይሠሩባት መቅረታቸውን፣ በራሱ ጊዜ ይመጣል እያሉ እንደ ጠበቁኝና ጥበቃው እንዳጠፋኝ ተናግረው ይቅርታ ጠየቁኝ። እሳቸው እኔን! ስለ መፍቻው ሳጥንም ጠይቄያቸው፣ ለመካኒክ ታዲያ የአበባ ማስቀመጫ ልስጥ ኖሯል ብለው ሳቁብኝ። እንደ ልጅ አለቀስሁ።

ታላቅ ወንድሜ ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት በተወለዱ በስድሳ ስምንት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና አምስት የልጅ ልጆቻቸውን፣ እንዲሁም በስማቸው ተሸሽጎ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት በክብር የኖረውን ታናሽ ወንድማቸውን ትተው ሄደዋል። ጋሽ ፍሬን ብላችሁ የሣቃችሁባቸው ካላችሁ፣ ሣቁ ለእኔ ይገባ ነበር። በሕይወት ሳሉ ያሳጣኋቸውን ዕረፍት እግዚአብሔር በመንግሥቱ ይስጣቸው፤ ነፍሳቸውንም በደጋጎች አባቶች አጠገብ ያኑርልን።

የቀረው በወረቀቱ ላይ የለም። ሹፌሩ እዚያ ከኋላ ኮፍያቸውን አውልቀው ቆመው ነበር፤ አሁን እግራቸውን እየጎተቱ ወደ ግቢው በር ሲሄዱ ይታየኛል። አስከሬኑን እናንተ አንሡልኝ፤ እኔ ሹፌሩን ልድረስባቸው።